የምንጣፍ ማጠቢያ ዱቄት በመርጫ ፓምፕ ስትጠቀሙ

ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ቀናት ጎንደር ውስጥ እንግዳ የማይጠብቅ ቤት የለም፣ ሁሉም ምንጣፉን ማጠብ የሚፈልገው ያኔ ነው፣ እኛ ምንጣፍ አጣቢዎችም ስራ ይበዛብናል። ራሳችሁ ለማጠብ ያሰባችሁ ካላችሁ ዱቄቱን እንዴት እንደምትበጠብጡት ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

ዱቄቱን በቀጥታ ፓምፑ ውስጥ እንዳትጨምሩት። የኖዝሉ (ውሃው የሚረጭበት ጫፍ) ቀዳዳ በጣም ጠባብ ነች፣ ያልሟሟ አንድ ፍሬ ከገባባት ትደፈናለች። እኔ ስራ ስጀምር በቀዝቃዛ ውሃ ፓምፑ ውስጥ ጨምሬ ከድኜ ነቅንቄ ነበር የምሄደው፣ አንድ ቀን ግማሽ ሳሎን ሳልረጭ ተደፈነብኝ፣ ግፊቱን ሳላስተነፍስ ኖዝሉን ስፈታው ውሃው አይኔ ውስጥ ገባ፣ ወዲያው በብዙ ውሃ ባልታጠብ ኖሮ ምን እንደሚሆን እንጃ፣ ቢሆንም ሁለት ቀን ቀልቶ ነበር። ከዛ ወዲህ ጓንትና መነፅር ሳላደርግ አልነካውም።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ባልዲ ላይ ከምትፈልጉት ውሃ ሩቡን ያህል ሙቅ አድርጋችሁ ቅዱ፣ መፍላት የለበትም። ዱቄቱን እያማሰላችሁ በትንሽ በትንሹ ነስንሱ፣ ሽሮ አንዴ ከተዘረገፈ ይጓጉላል አይደል፣ ይሄም እንደዛው ነው። አምስት ደቂቃ አማስሉት፣ ስሩን በእንጨት ስትነኩት አሸዋ አሸዋ ካለ ገና ነው። ከዛ የቀረውን ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩና በንፁህ ሻሽ አጥልላችሁ ወደ ፓምፑ ገልብጡት፣ ልክ ጠላ እንደሚጠለለው አተላው ሻሹ ላይ ይቅር። ሙቁን በቀዝቃዛ ማብረዱ ለፓምፑም ጥሩ ነው፣ ብዙዎቹ የፕላስቲክ ፓምፖች በጣም የሞቀ ውሃ አይወዱም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ ከጀሪካኑ ከላይ የጠራውን ብቻ ቅዱ። ፓምፑን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ለአየሩ ቦታ ተዉለት።

መጠኑን ማሸጊያው ላይ ያለውን ተከተሉ። ለምሳሌ ለአንድ ሊትር 30 ግራም የሚል ከሆነ ለ5 ሊትር 150 ግራም ነው፣ በሚዛን መዝኑት፣ በግምት በማንኪያ አይሆንም። በዛ ሲል የሚያነፃ የሚመስላቸው አሉ፣ ግን የተረፈው ሳሙና ምንጣፉ ላይ ይደርቅና አቧራ ይስባል፣ በወሩ ከበፊቱ ብሶ ይቆሽሻል።

የበግ ፀጉር ምንጣፍ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። አብዛኛው ዱቄት አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ቅባት በደንብ ያነሳል ግን ሱፍ ይጎዳል፣ ለሱፍ ተብሎ የተሰራ ካልሆነ አትርጩት። ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ከጠርዙ አንድ ክር ቆርጣችሁ ውጭ ላይ አቃጥሉት፣ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው፣ ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ከሆነ ግን ሰው ሰራሽ ነው። ቀለም የሚለቅ መሆኑንም ለማወቅ ከሶፋው ስር ትንሽ ረጭታችሁ ከአስር ደቂቃ በኋላ በነጭ ጨርቅ ጫን በሉት፣ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ተዉት።

ከመርጨታችሁ በፊት በደንብ ጥረጉ፣ አቧራው ከረጠበ ጭቃ ነው የሚሆነው። መስኮት ክፈቱ፣ ህፃናት ይውጡ፣ ከሩቁ ጥግ ጀምራችሁ ወደ መውጫው እየመጣችሁ እርጥብ እስኪል ብቻ እርጩ፣ ውሃ እንዲቋጥር አይደለም። ከአስር እስከ አስራ አምስት ደቂቃ ተዉት፣ በመሃል በለስላሳ ብሩሽ እሹት። እንዲደርቅበት ግን አትፍቀዱ፣ በጥር ፀሀይ ቶሎ ይደርቃል፣ ከጀመረ ንፁህ ውሃ ረጭ አድርጉበት። ከዛ በንፁህ ውሃ እያጠባችሁ እርጥበቱን በማሽን ምጠጡት፣ ማሽን ከሌለ ደረቅ ፎጣ እየቀያየራችሁ ጫን ጫን አድርጉት።

በረኪና ወይም ሌላ ማጠቢያ በምንም አይነት አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ሊወጣ ይችላል። ለአረም መድሃኒት ያገለገለ ፓምፕም ቢታጠብም አትጠቀሙ።

የተረፈውን ለነገ ብላችሁ አታስቀምጡ፣ በተለይ ኦክስጅን ያለበት ዱቄት ጋዝ ስለሚለቅ የተከደነ ፓምፕ ሊያሳብጥ ይችላል። ግፊቱን አስተንፍሱ፣ ድፉት፣ ለብ ያለ ውሃ ጨምራችሁ በኖዝሉ እስኪጠራ ርጩ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ዘቅዝቁት።