አንጾኪያ ሲባል የትኛዋ? እንዴት እንደምትለዩ

እኛ ሰሜን ሸዋዎች አንጾኪያ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን አንጾኪያ ገምዛ ነው፣ መኮይ ምናምን። የእህቴ ልጅ የሐዋርያት ሥራ እያነበበ "ጋሼ፣ ጳውሎስ መኮይ መጥቶ ነበር እንዴ?" ብሎኝ በሳቅ ገደለኝ። ግን እውነቱን ለመናገር አዋቂም ይምታታበታል፣ ምክንያቱም ምዕራፍ 13 ላይ ብቻ ሁለት አንጾኪያ አለ።

መጀመሪያ ከስሙ አጠገብ ያለውን ቅጽል እዩ። ቁጥር 14 ላይ "የጲስድያ" (ያለችበት አገር ስም ነው) ይላል፣ ቁጥር 1 ላይ ግን ምንም የለም። ባዶውን ከተጻፈ ብዙውን ጊዜ ትልቋ ናት፣ ኦሮንቴስ ወንዝ ዳር ያለችው፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ አንታክያ የምትባለው። እኛስ ደብረ ሲና ስንል "የጣርማ በሯ" እንል የለ፣ ያው ነው።

ቅጽል ከሌለ ማን ቆረቆራት በሉ። ይቺን ትልቋን በ300 ዓመተ ዓለም የቆረቆራት የታላቁ እስክንድር ጄኔራል የነበረው ቀዳማዊ ሰሉከስ ነው፣ የከተማዋ ስም ደግሞ የአባቱ የአንጥዮኮስ ነው፣ የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ አጲያን እንደሚለው ሰሉከስ በአባቱ ስም 16 አንጾኪያ፣ በእናቱ 5 ሎዶቅያ፣ በራሱ 9 ሰሉቅያ ከተማ አቁሟል፣ ስም ያለቀበት ነው የሚመስለው😅

በመጨረሻ አብሮ የተጠቀሰውን ሰው እዩ። ለምሳሌ ቴቤስ የምትባል ከተማ ግብጽም ግሪክም አለች፤ አብሯት ፈርዖን ካለ የግብጿ ናት፣ የግሪክ አፈ ታሪኩ ንጉሥ ኤዲፐስ ካለ የግሪኳ። እስክንድርያም እንደዛው፣ የኛ ሰው የሚያውቃት የግብጿን ብቻ ነው እንጂ አፍጋኒስታን ያለችው ካንዳሃርም በዛ ስም ተጠርታለች።