የመጀመሪያዎቹ የጦር ጄቶች ለምን ይወድቁ ነበር? ችግርና መፍትሄ

ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ምልክት፦ ጋዝ ሲጨምሩ ሞተሩ ይጠፋል፣ ሲብስም በእሳት ይያያዛል።

የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 262 የታወቀ በሽታ ነው። የፕሮፔለር አውሮፕላን አብራሪ ጋዙን በአንዴ መግፋት ለምዷል። የሜሰርሽሚቱ ጄት ሞተር፣ ዩሞ 004፣ ግን ይሄን አይችልም። ነዳጁ ከአየሩ ቀድሞ ይገባና ሙቀቱ ተርባይኑን፣ ማለትም በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውን ክፍል፣ ይለበልበዋል። ብረቱም ቢሆን ጠንካራ አልነበረም፤ በጦርነቱ ጀርመን ኒኬልና ክሮምየም አጥሯት ነበር። ስለዚህ ሞተሩ 25 ሰዓት ከሠራ ጎሽ ይባላል።

መፍትሄ፦ ጋዙን ቀስ እያሉ መግፋት። ለማረፍ ሲቀርቡ ደግሞ ቀድሞ መወሰን ነው። ሞተሩ ቶሎ ጉልበት ስለማይሰጥ፣ በመጨረሻ ሰዓት ሐሳብ መቀየር አያዋጣም።

ምልክት፦ ከመሬት እንደተነሱ ሞተሩ ጸጥ ይላል።

የአሜሪካው ሎክሂድ ፒ-80 ያለው አንድ ሞተር ብቻ ነው። በንጉሡ ዘመን የእኛ አየር ኃይል ያበረረው ቲ-33 የዚሁ ልጅ ነው። በኦክቶበር 1944 የነዳጅ ፓምፑ ተበላሸና የሙከራ አብራሪው ሚሎ በርቻም ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በርባንክ ላይ ሞተ። ከዚያ በኋላ መጠባበቂያ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገጠመ። ችግሩ ተፈታ? የት ተፈቶ! ፓምፑን ማብራት ያለበት አብራሪው ራሱ ነበር።

ኦገስት 6 ቀን 1945፣ ሂሮሺማ በተመታችበት ዕለት፣ ሪቻርድ ቦንግ በፒ-80 ተነሳ። 40 የጃፓን አውሮፕላኖችን የጣለ ጀግና ነው። ገና ሲነሳ ዋናው ፓምፕ ከዳው። መጠባበቂያው አልደረሰለትም። ቀደም ባለ በረራም ማብራቱን ረስቶ እንደነበር ለባልደረባው አውርቶ ነበር። ዘለለ፤ ነገር ግን ፓራሹቱ እንዲዘረጋ ከፍታው አልበቃም።

መፍትሄ፦ መጠባበቂያውን ከመነሳት በፊት ማብራት፣ በቂ ከፍታ ሳይያዝም አለማጥፋት። ለእኔ ግን በሰው ትዝታ ላይ የተንጠለጠለ መጠባበቂያ ገና ያላለቀ ሥራ ነው።

ምልክት፦ አንዱ ሞተር ሲጠፋ አውሮፕላኑ ይጠማዘዛል፣ ይገለበጣል።

የእንግሊዙ ግሎስተር ሜቴዎር ነው። ሞተሮቹ ክንፍ ላይ ተራርቀው ስለተቀመጡ የቀረው አንዱ አፍንጫውን ወደ ጎን ይገፋዋል። ፍጥነት ከወረደ የአብራሪው እግር የጭራውን መሪ መያዝ ያቅተዋል። የሚያሳዝነው በአንድ ሞተር የመብረር ልምምዱ ራሱ ብዙ ሰው መፍጀቱ ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል ወደ 890 ሜቴዎሮች አጥቷል። መፍትሄ፦ ፍጥነት መጠበቅ፤ ከወረደ ደግሞ የደህናውን ሞተር ጋዝ ቀንሶ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ።

ምልክት፦ ለማረፍ ሲሉ አፍንጫው ቀና ብሎ አልመለስ ይላል።

የአሜሪካው ጄት የኤፍ-100 ሱፐር ሴበር ጠባይ ነው። ወደ ኋላ የታጠፈ ክንፍ ሲዘገይ መጀመሪያ ማንሳት የሚያቅተው ጫፉ ነው። ያኔ የክንፉ የማንሳት ኃይል ወደ ፊት ይሸሽና አፍንጫውን ያነሳዋል። ጋዝ ቢጨምሩም ጄቱ አፍንጫውን ሽቅብ ይዞ እየተወዛወዘ ይንገዳገዳል። በጃንዋሪ 1956 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በኤድዋርድስ የአየር ኃይል ጣቢያ የወደቀው አንዱ በካሜራ ተቀርጿል። መፍትሄ፦ ከተወሰነው የማረፊያ ፍጥነት በታች አለመውረድ። አንዴ ከጀመረ በዚያ ከፍታ ማስተካከያ ጊዜ የለም።