የወረቀት ብክነትን በቤትና በሥራ ቦታ እንዴት መቀነስ ይቻላል

በምሠራበት ክፍል የወረቀት ብክነትን ለመቀነስ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር «ወረቀት እንቆጥብ» የሚል ማሳሰቢያ ጽፌ፣ በ20 ቅጂ አትሜ በየግድግዳው መለጠፍ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ የቆሻሻ ቅርጫቱ እንደ ቀድሞው ሞልቶ አገኘሁት፤ የተጨመረበት ነገር ቢኖር ከግድግዳው የወደቀው የእኔው ማሳሰቢያ ነበር። ሰው በጥድፊያ ሲሠራ ማሳሰቢያ አያስታውስም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ እርምጃዎች የሰውን ትዝታ የማይጠይቁ ናቸው።

1. ቅርጫቱን ይመርምሩ። ለአንድ ሳምንት ወረቀት ከሌላ ቆሻሻ ጋር አይጣል፤ በአንድ ካርቶን ይጠራቀምና በመጨረሻው ቀን ይለይ። መቁጠር ከታከተዎት ይመዝኑት። የተለመደው ባለ 80 ግራም (በካሬ ሜትር ማለት ነው) ኤ4 ወረቀት የአንድ ካሬ ሜትር 1/16ኛ ስለሆነ አንዱ ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል፤ 1 ኪሎ ማለት 200 ቅጠል ነው። በእኛ ካርቶን ውስጥ ትልቁ ክምር በስህተት የታተመ ሳይሆን፣ ታትሞ ማንም ያልወሰደው ሆኖ ተገኘ። ሳይለዩ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልገመትኩት ነበር።

2. ፕሪንተሩ ሳይታዘዝ በሁለቱም ገጽ እንዲያትም ያድርጉ። ከሁሉም የሚያዋጣውም፣ ከሁሉም የሚያሳስተውም ይህ እርምጃ ነው። ሰነድ ሲያትሙ በሚከፈተው መስኮት ላይ የሚመርጡት «በሁለት ገጽ» የሚለው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ ለዚያ ሰነድ ብቻ ያገለግላል፤ በሚቀጥለው ቀን ፕሪንተሩ ወደ ቀድሞ ልማዱ ይመለሳል። መለወጥ ያለበት መነሻ ቅንብሩ፣ ማለትም ማንም ምንም ሳይመርጥ ፕሪንተሩ የሚከተለው ነው።

ዊንዶውስ በሚጠቀም ኮምፒውተር ላይ ይህ ቅንብር በሁለት ቦታ መገኘቱን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። «ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስ» የሚለው የሚለውጠው የአንድን ተጠቃሚ ምርጫ ብቻ ሲሆን፣ ለሁሉም ተጠቃሚ የሚሆነው በፕሪንተሩ ባሕርያት («ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ») ውስጥ «አድቫንስድ» በሚለው ክፍል የሚገኘው «ፕሪንቲንግ ዲፎልትስ» ነው። እኔ የመጀመሪያውን ለውጬ ሥራው የተጠናቀቀ መስሎኝ ለሁለት ወር ያህል ተዝናናሁ፤ በዚያን ጊዜ በሁለቱም ገጽ ይታተም የነበረው የእኔ ሰነድ ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ለመለወጥ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ በሥራ ቦታ የኮምፒውተር ባለሙያውን መጠየቅ ግድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ወረቀቱ የሚገለበጥበት ጠርዝ ነው። ቁመቱ ለሚበልጥ ተራ ደብዳቤ ረጅሙ ጠርዝ፣ ወደ ጎን ለሚታተም ሠንጠረዥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አጭሩ ጠርዝ ይመረጣል። ምርጫው ከተሳሳተ ሁለተኛው ገጽ ተገልብጦ ይወጣል፤ ሰውየውም ተበሳጭቶ በአንድ ገጽ እንደገና ያትመዋል፤ ቁጠባ የተባለው ነገርም ብክነት ይሆናል። ስለዚህ ለሌሎች ከማስታወቅዎ በፊት ባለ 2 ገጽ ሰነድ በሁለቱም አቀማመጥ አትመው ይሞክሩ። ፕሪንተርዎ በራሱ የማይገለብጥ ከሆነ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ገጾች፣ ከዚያም ወረቀቱን መልሰው ሙሉ ቁጥር ያላቸውን (2፣ 4፣ 6) ማተም ይቻላል፤ የትኛው ፊት እንደሚታተም ለማወቅ በአንድ ባዶ ወረቀት ጥግ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው አስቀድመው ይፈትኑ።

ያልተወሰደውን ክምር በተመለከተ፣ ብዙ የቢሮ ፕሪንተሮች ሰነዱን ይዘው ቆይተው ባለቤቱ መጥቶ የምስጢር ቁጥሩን ሲያስገባ ብቻ የሚያትሙበት መንገድ አላቸው። ካለ ይጠቀሙበት።

3. ከማተምዎ በፊት ቅድመ ዕይታውን ይመልከቱ፤ የሚያስፈልግዎትን ገጽ ብቻ ይምረጡ። ሁለት ገጽ በአንድ ቅጠል ፊት ማተም ለረቂቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የጽሑፉ መጠን ከቀድሞው 71 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሚሆን ባለ 12 ነጥብ ፊደል 8.5 ያህል ይሆናል። ቅርጻቸው የተቀራረበ ፊደሎቻችን በዚህ መጠን ዓይን ስለሚያደክሙ፣ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ሰነድ ላይ አልመክረውም።

4. አንድ ፊቱ የታተመውን ወረቀት ለማስታወሻ ያውሉት፤ ወደ ፕሪንተር ግን አይመልሱት። እኔ መልሼዋለሁ። በአንዱ ቅጠል ላይ የቀረ የስቴፕለር ሽቦ ማሽኑን አሰናከለው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ለእንግዳ የሰጠሁት ደብዳቤ ጀርባ ላይ የደመወዝ ዝርዝር መገኘቱ ነበር። አሁን ጀርባውን አንብቤ፣ ወረቀቱን ለሁለት ቆርጬ፣ በመቆንጠጫ አስሬ የማስታወሻ ደብተር አደርገዋለሁ።

5. በቤት ውስጥ ጨርቁን ከሶፍቱ ይልቅ ለእጅ ቅርብ ያድርጉት። የፈሰሰ ነገር ሲያጋጥም ሰው የሚያነሣው ቅርቡን ነው። የባንክና የአገልግሎት መግለጫዎችን በኢሜይል እንዲልኩልዎ ይጠይቁ፤ ፊርማና ማኅተም ያለበትን ዋና ሰነድ ግን ስካን ስላደረጉት ብቻ አይጣሉ።

6. የተረፈውን ለይተው ያስረክቡ። ንጹሕና ደረቅ ወረቀት እንደገና ወረቀት ይሆናል። ዘይት የነካው ግን አይሆንም፤ ሶፍትም ጭረቱ (ወረቀቱ የተሠራበት ቀጭን ክር) እጅግ አጭር ስለሆነ አይጠቅምም። በማሽን የተከተፈ ወረቀት ጭረቱ ስለሚያጥር ብዙ ሰብሳቢዎች አይፈልጉትም፤ ስለዚህ ስም ያለበትን ክፍል ብቻ ቀደው ቢያጠፉ ይሻላል። የተከተፈ ካለዎት ከእርጥብ የወጥ ቤት ተረፈ ምርት ጋር ቀላቅለው ኮምፖስት ያድርጉት። የሚያብረቀርቅ ደረሰኝ ካጋጠመዎት በጥፍርዎ ይጫሩት፤ ጥቁር መስመር ከወጣ በሙቀት የሚታተምና ኬሚካል የተቀባ ወረቀት ነውና ከሌላው ጋር አይቀላቅሉት፤ ኮምፖስት ውስጥም አይጨምሩት። የመሰብሰቢያ ካርቶኑን እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ያኑሩት፤ የሻገተ ወረቀት የሚቀበል የለም።