«ሥራ አስኪያጅ ነኝ» ማለት አይበቃም፦ በኤል-1ኤ ማመልከቻ ላይ የሚበዙ ስህተቶች

ካዛንቺስ ቢሮ ያለው፣ አሜሪካም እህት ኩባንያ ያለው ድርጅት ሥራ አስኪያጁን ለዚሁ በተዘጋጀው የኤል-1ኤ የሥራ ቪዛ ወደዚያ ማዛወር ሲያስብ ብዙ ጊዜ በኤምባሲ ቀጠሮ ይጀምራል። ተገላቢጦሽ ነው። በተለመደው መንገድ መጀመሪያ አሜሪካ ያለው ኩባንያ አይ-129 የተባለውን ፎርም ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት (ዩኤስሲአይኤስ) ያስገባል። እንጦጦ መንገድ ወዳለው ኤምባሲ የሚኬደው ያ ሲጸድቅ ነው።

ፋይል የሚያበላሸው ዋናው ነገር ግን የሥራ ዝርዝሩ ነው። «አቶ እገሌ የድርጅቱን አጠቃላይ ሥራ በበላይነት ይመራሉ፣ ይቆጣጠራሉ፣ ያስተባብራሉ» የሚል ደብዳቤ ይጻፋል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ፍሬ የለውም። ማመልከቻውን የሚያየው የዩኤስሲአይኤስ መርማሪ የሚፈልገው ሥራ አስኪያጁ የማይሠራውን ሥራ ማን እንደሚሠራው ማወቅ ነው። እኛ ጋ ሥራ አስኪያጅ ማለት ባንክ ሄዶ ኤልሲ (ለውጭ ግዢ የሚሆን የባንክ የክፍያ ዋስትና) የሚከፍት፣ ጉምሩክ የሚሟገት፣ ማታ ደግሞ ደረሰኝ የሚያመሳክር ሰው ሊሆን ይችላል። ጎበዝ ነው፤ ለኤል-1ኤ ግን ይህ የሚያስጥል ነው። ስለዚህ መዋቅሩን ከነሠራተኞቹ የሥራ ድርሻ ያስገቡ። ግዢው የማን ነው? ሒሳቡስ? አለቃው ሰዓቱን በምን ላይ ያጠፋል? በሥሩ ብዙ ሰው ባይኖርም አንድን ዋና የሥራ ዘርፍ በከፍተኛ ደረጃ የሚመራ ሰው ሊያልፍ ይችላል። የሾፌሮችና የጥበቃዎች የቅርብ አለቃ መሆን ግን ብቻውን አያስቆጥርም።

«ወንድሜ ዳላስ ኩባንያ አለው» የሚሉም አሉ። የሥጋ ዝምድና የኩባንያ ዝምድና አይሆንም። ሁለቱን ድርጅቶች ማስተሳሰር ያለበት ባለቤትነትና ቁጥጥር ነው፤ ይህም በአክሲዮን ሰነድ ይታያል።

አንድ ዓመቷንም በደንብ ቁጠሯት። ሠራተኛው ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 1 ተከታታይ ዓመት ከአሜሪካ ውጭ ለድርጅቱ መሥራት አለበት። በመሃል አሜሪካ ለስብሰባ የቆየባቸው ቀናት ዓመቱን አያቋርጡትም፤ ግን አይቆጠሩም። ፔይሮሉና የጡረታ መዋጮው ማስረጃ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ የቀን ጉዳይ ይመጣል። የመስከረም 2017 ፔይሮል «ሴፕቴምበር 2017» ተብሎ ሲተረጎም ሰውየው በአንዴ 7 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ወሩም ቢሆን በልክ አይገጥምም፦ መስከረም 2017 ማለት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10፣ 2024 ነው። ትርጉም ቤቱ ማኅተም ስለመታበት አይዘናጉ። ተርጓሚው ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ ቋንቋውንም እንደሚችል በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል መግጠሙንም እዚያው ይዩ።

በኮሪደር ልማት ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ የተነሳችሁ ደግሞ፣ ንግድ ፈቃዱ ላይ አንድ አድራሻ፣ ደብዳቤው ላይ ሌላ ካለ ለምን እንደሆነ በአጭሩ ጻፉ። መርማሪው ኮሪደር ልማትን ላያውቅ ይችላል።

የመጨረሻው ጊዜን ማሳሳት ነው። ኤል-1ኤ መጀመሪያ እስከ 3 ዓመት ይሰጣል፤ ሁለት ሁለት ዓመት እየተራዘመ እስከ 7 ይደርሳል። አሜሪካ አዲስ ቢሮ ለሚከፍት ግን መጀመሪያ የሚሰጠው 1 ዓመት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢሮው ሥራ አስኪያጅ የሚያስፈልገው ድርጅት መሆን አለበት። ኢቢ-1ሲ በተባለው የሥራ አስኪያጆች ዘርፍ በኩል ወደ ግሪን ካርድ ለማለፍም የአሜሪካው ኩባንያ ቢያንስ 1 ዓመት የሠራ መሆን ስላለበት፣ የቅጥር ውሉን፣ የደመወዝ መዝገቡንና ኢንቮይሱን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ሰብስቡ።