የቤት ውስጥ አይስክሬም መሥሪያ፦ አጠቃቀሙና አያያዙ

እህቴ ከዱባይ ስትመጣ አንዲት አነስተኛ የአይስክሬም መሥሪያ ይዛልኝ መጣች። በዚያው ቀን ሳህኑን ለሦስት ሰዓት ያህል ፍሪዘር ውስጥ አቆየሁትና ገና ለብ ያለ የወተትና የክሬም ድብልቅ ገለበጥኩበት። ማሽኑ አርባ ደቂቃ ዞረ። ሲቆም ሳህኑ ውስጥ የነበረው ጣፋጭ ወተት ብቻ ነበር፤ ላዩ ላይም ጤፍ የሚያህሉ የቅቤ ፍንጣቂዎች ይንሳፈፉ ነበር። ማሽኑ ተበላሽቶ አልነበረም። እኔ ነኝ ሥራውን ያልተረዳሁት። ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ዓይነት ማሽን ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ አስቀድመን ያጠራቀምንለትን ቅዝቃዜ ብቻ ነው የሚጠቀመው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚነሣ ነው።

ከመግዛት በፊት

የቤት ማሽኖች ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ሳህኑ ፍሪዘር ውስጥ አድሮ የሚወጣለት ነው፤ ርካሹና በብዛት የሚገኘውም እርሱ ነው። ሁለተኛው እንደ ማቀዝቀዣ የራሱ ኮምፕሬሰር ያለው ሲሆን፣ ከባድና ውድ ቢሆንም ቀድሞ ማዘጋጀት አያስፈልገውም። ሦስተኛው በበረዶና በጨው የሚሠራው ጥንታዊ ዓይነት ነው። አሜሪካዊቷ ናንሲ ጆንሰን በ1843 እ.ኤ.አ. በእጅ የሚዞረውን ዓይነት የፈጠራ መብት ያስመዘገበችለት ሲሆን፣ አሠራሩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ጨው በረዶን ከዜሮ ዲግሪ በታች ያቀልጠዋል፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ሙቀቱን ከመሐል ካለው የብረት ዕቃ ይስባል። ለአምስት እጅ የተከሰከሰ በረዶ አንድ እጅ ሸካራ ጨው ይበቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህኛው የሚናቅ አይደለም።

ማሽኑ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ከሁሉ በፊት ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከአውሮፓ የሚመጣው በአብዛኛው ይስማማል፤ ቢበዛ የሶኬት መቀየሪያ ቢያስፈልገው ነው። ለአሜሪካ የተሠራው ግን 120 ቮልት ነውና በቀጥታ ቢሰኩት ሞተሩ ወዲያው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ 60 ኸርዙን ወደ 50 አይለውጠውም። ስለዚህ በተለይ ኮምፕሬሰር ያለውን ማሽን ከአሜሪካ ማስመጣት አልመክርም።

ኮምፕሬሰር ያለው ማሽን በመኪና ወይም በአውሮፕላን ተጉዞ ከደረሰ በኋላ ሳይሰካ ቀጥ ብሎ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይቁም። በመንገድ ላይ ጋደም ሲል ከቦታው የተንቀሳቀሰው ዘይት ወደ ኮምፕሬሰሩ መመለስ አለበት።

ሳህኑን ማቀዝቀዝ

ሳህኑ ድርብ ግድግዳ አለው፤ በግድግዳዎቹ መካከል ከተራ ውሃ ይልቅ በቀዘቀዘ ሙቀት የሚረጋ ፈሳሽ ታሽጎበታል። አይስክሬሙን የሚያረጋው ይህ ፈሳሽ መልሶ ሲቀልጥ የሚስበው ሙቀት ነው። ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ ካልረጋ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ኃይሉ ያልቃል።

ስለዚህ ሳህኑን አጥበውና እስከ መጨረሻው አድርቀው፣ በንጹሕ ፌስታል ጠቅልለው፣ አፉን ወደ ላይ አድርገው ፍሪዘሩ ውስጥ ወደ ጀርባ ያስገቡት። በሩ አጠገብ አያስቀምጡት፤ በተከፈተ ቁጥር ሞቃት አየር ያገኘዋል። ከ16 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። ፍሪዘሩም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መድረስ አለበት። የአንድ በር ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለችው ትንሿ የበረዶ ክፍል ብዙ ጊዜ እዚያ አትደርስም፤ በረዶ ሠራች ማለት ለዚህ ሥራ ትበቃለች ማለት አይደለም።

መርገቱን ለማወቅ ሳህኑን በሁለት እጅ ይዘው ጆሮዎን አስጠግተው ይነቅንቁት። ጭል ጭል የሚል ድምፅ ከተሰማዎት ገና ነው። ደረቅ ድንጋይ የነቀነቁ ያህል ዝም ካለ ደርሷል። በመካከል መብራት ጠፍቶ ከቆየ የተቆጠረው ሰዓት ዋጋ የለውም፤ እንደገና በጆሮዎ ይፈትሹት። እኔ አሁን ሳህኑን ከፍሪዘር አላወጣውም፤ ለሌላ ነገር ቦታ ካላስፈለገኝ በቀር ቤቱ እዚያው ነው።

ድብልቁ

ለአንድ ሊትር ተኩል ሳህን ይህ ይበቃል፦ 375 ሚሊ ሊትር ያልተገፈፈ ወተት፣ 375 ሚሊ ሊትር ክሬም፣ 140 ግራም ስኳር፣ የአራት እንቁላል አስኳል፣ ቁንጥር ጨውና ትንሽ ቫኒላ።

ወተቱን ከግማሹ ስኳር ጋር እስኪያጤስ ያሙቁት። አስኳሎቹን ከቀረው ስኳር ጋር ይምቱና ትኩሱን ወተት በጭልፋ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ያላምዷቸው፤ አንዴ ከገለበጡት እንቁላሉ ይበስላል። ሁሉንም ወደ ድስቱ መልሰው በዝግታ እሳት ላይ ሳያቋርጡ ያማስሉ። ከ82 እስከ 84 ዲግሪ ሲደርስ ያውርዱት። ቴርሞሜትር ከሌለዎት በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ላይ ጣትዎን ያሳልፉ፤ የጣትዎ መንገድ ሳይደፈን ከቆየ በቅቶታል። አረፋ እስኪያወጣ አይጠብቁ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና፣ እዚህ መፍላት ሲጀምር እንቁላሉ ከተቋጠረ ቆይቷል። ከእሳት እንደወረደ ቀዝቃዛውን ክሬምና ቫኒላውን ጨምረው በወንፊት ያጥልሉት። ከላም ባለቤት የሚገዛ ያልተፈላ ወተት ከሆነ መጀመሪያ በደንብ አፍልተው ያቀዝቅዙት።

ክሬም ከታጣ ወተቱን አብዝተው ሦስት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት ይጨምሩበት። እንደ ክሬሙ ባይለሰልስም በረዶ በረዶ ከማለት ያድነዋል።

ስኳሩን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ስኳር ለጣዕም ብቻ አይደለም የሚገባው፤ ውሃው ሙሉ በሙሉ እንዳይረጋ የሚከለክለው እርሱ ነው። ሲያንስ አይስክሬሙ ማንኪያ የማያስገባ ድንጋይ ይሆናል፤ ሲበዛ ደግሞ ጭራሽ አይረጋም። ማር ከስኳር የበለጠ የማለስለስ ኃይል ስላለው ሙሉውን ስኳር በማር አይተኩ። ሲሶውን ብቻ ተክተው ቢሞክሩት ግን ጥሩ ነጭ ማር ከወተት ጋር ምን እንደሚያደርግ ያያሉ።

ለጾም ቀን ማንጎ አለ። 700 ግራም የተላጠ የበሰለ ማንጎ፣ በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ የሟሟ 150 ግራም ስኳርና የአንድ ሎሚ ጭማቂ አብረው ይፍጩና ያጥልሉት። ጭረቱ በወንፊት ካልቀረ ማማሰያው ላይ ይጠመጠማል። በሁዳዴ እንግዳ ሲመጣ የማቀርበው ይህን ነው፤ በእውነቱ ከቫኒላውም አብልጬ እወደዋለሁ።

የትኛውም ድብልቅ ቢሆን ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። እርጎ የናጠ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ በብርድ ቀን ቅቤው ለመውጣት ይዘገያል፣ ሲሞቅ ይፈጥናል። እዚህ ደግሞ ቅቤው እንዲወጣ አንፈልግም። ያን ቀን ወተቱ ላይ ያየኋቸው ፍንጣቂዎች የመጡት ከዚህ ነው፦ ድብልቁ ለብ እንዳለ ለአርባ ደቂቃ ሲናጥ ቆየ።

ማዞር

1. ማሽኑን ገጣጥመው ማማሰያውንና ክዳኑን ያዘጋጁ። ሳህኑን ከፍሪዘር የሚያወጡት በመጨረሻ ነው፤ ከወጣ በኋላ እያንዳንዱ ደቂቃ ይቆጠራል።
2. በመጀመሪያ ማሽኑን ያስነሱ፣ ከዚያ ድብልቁን እየዞረ ያፍስሱ። ቆሞ ሳለ ቢያፈሱበት ግድግዳው ላይ ወዲያው ይረጋና ማማሰያውን ይይዘዋል።
3. ከሳህኑ ሁለት ሦስተኛ በላይ አይሙሉ። ድብልቁ አየር እያስገባ ያብጣል፤ የአይስክሬም ልስላሴ ግማሹ አየር ነው።
4. ለውዝ፣ የቸኮሌት ስብርባሪ ወይም የተከተፈ ፍራፍሬ ካለዎት ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቀዝቃዛውን ይጨምሩ።
5. ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ እንደ ወፍራም እርጎ ሆኖ የማማሰያው ፈለግ ሳይጠፋ ሲታይ ያቁሙት።

ከዚህ በላይ እንዲጠነክር መጠበቅ ስሕተት ነው። ማሽኑ ስስ አይስክሬም ያወጣል፤ ማጠንከር የፍሪዘሩ ሥራ ነው። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠና ማቃሰት ከጀመረ፣ ወይም ማማሰያው እየዘለለ ቋ ቋ ካለ ወዲያው ያጥፉት። እያስገደዱ ማዞር በውስጡ ያሉትን የፕላስቲክ ጥርሶች ይበላቸዋል፤ ጥርሱ ያለቀ ማሽን ደግሞ መለዋወጫ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ማስቀመጥ

ጥልቀት በሌለው፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይገልብጡት፤ ስስ ፕላስቲክ ላዩ ላይ በቀጥታ ለጥፈው ይክደኑና ቢያንስ አራት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢበላ ይመረጣል። መብራት ጠፍቶ የቀለጠን አይስክሬም መልሰው አያርጉት። በተለይ እንቁላል ያለበት ከሆነ ይጣል።

ማጠብና መንከባከብ

አብዛኛው ሳህን የሚሞተው በአጠቃቀም ሳይሆን በአስተጣጠብ ነው። አይስክሬሙ ከወጣ በኋላ ሳህኑ ገና በረዶ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሙቅ ውሃ ቢያገኘው ግድግዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠረጴዛ ላይ ትተውት ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ። ከዚያ በለብታ ውሃ፣ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና በለስላሳ ስፖንጅ ይጠቡት። የሽቦ መፈተጊያ፣ የብረት ማንኪያና ቢላዋ አይቅረቡት። ግድግዳው ላይ የቀረውን አይስክሬም በእንጨት ወይም በላስቲክ ማንኪያ ይፋቁ። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም አያስገቡት።

ማማሰያውንና ክዳኑን ግን በሙቅ ውሃ ወዲያው ይጠቡ። በማማሰያው መገጣጠሚያ ቀዳዳ ውስጥ ወተት ይደበቃል፤ እኔ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ለዚህ ብቻ አስቀምጫለሁ። ብርድን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ስላሉ «ፍሪዘር ይገድለዋል» ብሎ መተው አይገባም። የሞተሩን ክፍል ከሶኬት ነቅለው በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ውሃ ውስጥ አይነከርም።

ትናንት የቡና አይስክሬም የተሠራበት ሳህን ዛሬ ማንጎውን ቡና ቡና ካሸተተው፣ ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በለብታ ውሃ በጥብጠው ግማሽ ሰዓት ያቆዩበትና ያለቅልቁት።

ከታጠበ በኋላ በፎጣ አድርቀው አንድ ሌሊት አየር ያግኘው። ትንሽ ውሃ ቀርቶበት ወደ ፍሪዘር ቢመለስ ግድግዳው ላይ ስስ በረዶ ይሠራል፤ ማማሰያው በሚቀጥለው ጊዜ የሚፍቀው ያንን በረዶ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ከሳህኑ ሥር ወይም ከጠርዙ የሚያጣብቅ፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ የሆነ ፈሳሽ ይወጣል። ግድግዳው ተሰንጥቋል ማለት ነው። በማጣበቂያ ሊጠግኑት አይሞክሩ፤ ውስጡ የነበረውን አይስክሬምም ይድፉት። ሞተሩ ደኅና ከሆነ ሳህኑን ብቻ ገዝቶ መተካት ይቻላል። ሲያዝዙ ከሞተሩ ሥር የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር በትክክል ገልብጠው ይላኩ፤ በዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ሳህኖች በጥቂት ሚሊ ሜትር ተለያይተው ማማሰያው አልገጥም ይላል።