የዶርም ዋይፋይ አይፒ ሲያልቅበት ምን ይደረግ?

«ዋይፋዩ ይገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም» የሚል አቤቱታ ከዶርም ከበዛ፣ አክሰስ ፖይንቱን (የዋይፋይ ማሰራጫውን) ከመቀየራችሁ በፊት ከተማሪዎቹ ላፕቶፕ አንዱን ተቀብላችሁ አይፒውን (የኔትወርክ አድራሻውን) እዩ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አይፒ ከሚያድለው ከዲኤችሲፒ ሰርቨሩ መልስ አላገኘም ማለት ነው። ሰርቨሩ እየሠራ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያድለው አድራሻ አልቆበታል።

ጉዳዩ የተማሪው ቁጥር ብቻ አይደለም። ከአንድሮይድ 10 (2019) እና ከአይኦኤስ 14 (2020) ወዲህ ስልኮች የፋብሪካ ማክ አድራሻቸውን (የመሣሪያውን መለያ ቁጥር) ደብቀው ለየዋይፋይ ስሙ ሌላ አድራሻ ይፈጥራሉ። በግቢው ሦስት የዋይፋይ ስም ካለ አንድ ስልክ እንደ ሦስት ስልክ ሊመዘገብ ይችላል። ለማረጋገጥ በዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ላይ የሊዝ ዝርዝሩን (አይፒ የወሰዱትን መሣሪያዎች ዝርዝር) ክፈቱ፤ የማክ አድራሻው ሁለተኛ ቁምፊ 2፣ 6 ወይም የላቲኖቹ ኤ እና ኢ ከሆነ አድራሻው የተፈጠረ ነው። በማክ አድራሻ ተማሪ መመዝገብ ከዚህ በኋላ አያዋጣም።

በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ካልነካችሁት የሊዝ ጊዜው (አንድ አይፒ ለአንድ መሣሪያ የሚያዝበት ጊዜ) 8 ቀን ነው። ላይብረሪ በር ላይ አሥር ደቂቃ የቆመ እንግዳ አንድ አድራሻ ለ8 ቀን ይዞ ይሄዳል። ለላይብረሪና ለካፌ ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ለዶርም 8 ሰዓት ይበቃል። ወደ 5 ደቂቃ አታውርዱት፤ መሣሪያዎች ሊዙ ሲጋመስ ስለሚያድሱ ሰርቨሩም ሎጉም በጥያቄ ይሞላል።

ይህ ካልበቃ ኔትወርኩን ከ/24 (254 አድራሻ) ወደ /22 (1022 አድራሻ) አስፉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ስኮፑን (ዲኤችሲፒው የሚያድለውን የአድራሻ ክልል) አስፍቶ የጌትዌዩን (የኔትወርኩን መውጫ) ማስክ፣ ማለትም የኔትወርኩን ስፋት የሚወስነውን ቁጥር፣ /24 ላይ ይተወዋል። ያኔ አዲሱን አድራሻ ያገኙት መሣሪያዎች ይገናኛሉ፣ ከኔትወርኩ ግን አይወጡም። ዊንዶውስ ዲኤችሲፒ የነበረ ስኮፕን ማስክ ስለማያስቀይር ስኮፑን አጥፍቶ እንደገና መፍጠር ግድ ነው። ስለዚህ ለውጡ ከሚደረግበት ቀን 8 ቀን ቀደም ብላችሁ ሊዙን ወደ 1 ሰዓት አሳጥሩ፤ ለውጡን በሌሊት ስታደርጉ አሮጌ ማስክ ይዞ የሚቀር መሣሪያ አይኖርም።

የዋይፋዩን መግቢያ በ802.1ኤክስ፣ ማለትም እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ስምና ፓስዎርድ በሚገባበት ስርዓት አድርጉት። አዳዲስ አንድሮይዶች የሰርቨሩን ሰርተፊኬትና ዶሜይን ይጠይቃሉ። ሁለቱንም በመመሪያችሁ በግልጽ ጻፉ። በድሮ ስልኮች «አታረጋግጥ» የሚለውን ምረጡ ብላችሁ ፈጽሞ አትምከሩ፤ ተመሳሳይ የዋይፋይ ስም ያሰራጨ ማንም ሰው የተማሪውን የመግቢያ መረጃ ሊሰበስብ ይችላል። ያ ፓስዎርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የኢሜይሉና የውጤት ማያውም ነው።

ክሮምካስትና አብዛኛው ስማርት ቲቪ 802.1ኤክስ አያውቁም። ለእነሱ ሌላ የዋይፋይ ስም ክፈቱና ለየመሣሪያው የተለየ ቁልፍ ስጡ፤ ርካሾቹ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ስለሚያዩ ያንን አትዝጉባቸው። ስልኩ ቲቪውን ካላየው ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ኤምዲኤንኤስ (መሣሪያዎች በአንድ ኔትወርክ ውስጥ የሚፈላለጉበት ዘዴ) ነው፦ ወደ 224.0.0.251፣ ፖርት 5353 የሚላከው ጥሪ ከአንድ ቪላን (ተለይቶ የተከፈለ የኔትወርክ ክፍል) ወደ ሌላው አይሻገርም። አክሰስ ፖይንቶቹን በሚያስተዳድረው ኮንትሮለር ላይ ጥሪውን የሚያሻግረውን የኤምዲኤንኤስ ጌትዌይ አብሩ፤ ግን የቲቪው ባለቤት ለሆነው ተማሪ ብቻ ወስኑት። አለዚያ የሦስተኛ ፎቅ ቪዲዮ አንደኛ ፎቅ ቲቪ ላይ ይከፈታል።