ቺካጎን በአንድ ቀን፣ ያለ መኪና

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ከዳላስ ደወለች። «አጎቴ፣ ቺካጎ የምቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ መኪና ልከራይ?» አለችኝ። እኔ እዚህ ከተማ 19 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። እንጀራዬ መሪ ላይ ነበር። መልሴ ግን አጭር ነው፦ እንዳትሞክሪው። መሀል ከተማ ለማቆሚያ የምትከፍዪው ምሳና እራትሽን ይችላል። ደግሞ ቺካጎ ከመኪና ውስጥ አትታይም። ከባቡር መስኮት ነው የምትታየው።

ቀኑ የሥራ ቀን ስለሆነ አብሬያት መዞር አልችልም። ስለዚህ የነገርኳትን ጻፍኩት። ሌላም ሰው ይጠቀምበት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ ከወረዳችሁ ሰማያዊውን መስመር ያዙ። ሰዉ ባቡሩን «ኤል» ነው የሚለው፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚሄድ። መሬት ውስጥ ሲገባም ስሙ ያው ኤል ነው። ቬንትራ የሚባለውን ካርድ ከማሽን ትገዛላችሁ። በንክኪ የሚሠራ የባንክ ካርድ ካላችሁ እሱን ማስነካትም ይበቃል። ከኦሄር ሲነሱ ዋጋው ከሌላው ጣቢያ ይወደዳል፤ ተጭበረበርኩ እንዳትሉ። ዋሽንግተን የኖራችሁ ደግሞ ስትወጡ ካርድ ለማስነካት በሩ ላይ አትገተሩ። እዚህ የሚከፈለው ሲገባ ብቻ ነው። መሀል ከተማ ለመድረስ 45 ደቂቃ ግድም ይፈጃል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። እዚህ ጣቢያ የሚሰየመው በሚያቋርጠው መንገድ ስም ነው፤ መንገዱ ረጅም ከሆነ ስሙ ይደጋገማል። ሰማያዊው መስመር ብቻውን ሁለት «ዌስተርን» አለው። አንዱ ወደ ኦሄር በኩል ነው፣ ሌላው ወደ ፎረስት ፓርክ በኩል። እኔ በመጣሁበት ዓመት ክርስትና ተጠርቼ ነበር። አከራዬ የጋገሩልኝን ድፎ ዳቦ ታቅፌ ዌስተርን ወረድኩ። በረዶ ነው። ቤቱን ብፈልግ ብፈልግ የለም። ለካ የወረድኩት በሌላኛው ዌስተርን ነው። ስደርስ እንግዳው ቡና ላይ ነበር፣ ዳቦውም ድንጋይ ሆኗል። ስለዚህ የጣቢያውን ስም ብቻ ሳይሆን ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድም ጠይቁ።

መሬት ላይ ስትሆኑ ግን ቺካጎ ውስጥ መጥፋት ከባድ ነው። እኛ አገር «ከመስጊዱ ጎን፣ ከፋርማሲው ወረድ ብሎ» እንላለን። እዚህ ቁጥር ነው። ኤድዋርድ ብሬናን የሚባል ሰው ለዓመታት ከተማውን ወትውቶ በ1909 የቤት ቁጥሩ ሁሉ አንድ መነሻ እንዲኖረው አደረገ። ዜሮው ስቴትና ማዲሰን የሚባሉት መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ ነው። ከዚያ 800 ቁጥር አንድ ማይል ነው። ቤልሞንት 3200 ሰሜን ነው፤ ስለዚህ ከዜሮው 4 ማይል ርቋል ማለት ነው። (በደቡብ በኩል መጀመሪያ ላይ ሒሳቡ ትንሽ ይዛባል፤ አትጨነቁበት።) ሚሺጋን ሐይቅ ደግሞ ምንጊዜም ምሥራቅ ነው። ታክሲ ስጀምር ይህን ያስተማረኝ አንድ ሽማግሌ ናይጄሪያዊ ነበር። ካርታዬን ከዚያ ወዲያ ብዙም አልገለጥኩትም።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ክላርክና ሌክ ጣቢያ ላይ ከሰማያዊው ወርዳችሁ ደረጃውን ወደ ላይ ውጡ። ሌላ አትከፍሉም። ወደ ኪምቦል የሚሄደውን ቡናማ መስመር ያዙና ቤልሞንት ድረስ ሂዱ። እዚያ ወርዳችሁ ወደ መሀል ከተማ የሚመለሰውን ቡናማ ያዙ። «የመጣሁበትን ልመለስ?» እንዳትሉ። ጨዋታው መመለሻው ላይ ነው። በግራ በኩል መስኮት ያዙ።

ባቡሩ በሁለተኛ ፎቅ ቁመት በቤቶች መካከል ይሹለከለካል። የሰው ጓዳ፣ የተሰጣ ልብስ፣ በረንዳ ላይ የተረሳ ብስክሌት ታያላችሁ። ከዚያ መርቻንዳይዝ ማርት ይመጣል። በ1930 ሲከፈት ከዓለም ትልቁ ሕንጻ ነበር። ወዲያው ወንዙን በድልድይ ትሻገራላችሁ። ይቺ ቅጽበት እንዳታመልጣችሁ፣ ስልካችሁን አስቀምጡ። በግራ ወንዙ በሕንጻዎች መካከል ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ይዘረጋል። እንደ በቆሎ እሸት የቆሙት ሁለት ክብ ሕንጻዎች ማሪና ሲቲ ናቸው። የታችኞቹ 19 ፎቆች መኪና ማቆሚያ ናቸው።

ወንዙ ራሱ ጉድ አለው። ድሮ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ሐይቁ ውስጥ ይገባ ነበር። የሚጠጣው ውኃ ደግሞ ከዚያው ሐይቅ ነው። 28 ማይል ቦይ ቆፍረው በ1900 ወንዙን ወደ ኋላ አስፈሰሱት። ቆሻሻው ወደ ሚሲሲፒ ሄደ፤ በወንዙ ታች በኩል ያለችው የሚዙሪ ግዛትም ከሰሰቻቸው። ጎረቤትን ማስቀየም ይሉሃል ይሄ ነው።

ከድልድዩ በኋላ ባቡሩ ሉፕ የሚባለውን ቀለበት ይዞራል። የመጀመሪያው ኤል በ1892 ሲነሳ በእንፋሎት ነበር፤ ቀለበቱ የተገጠመው በ1897 ነው። መታጠፊያው ላይ ብረቱ ሲጮህ ጥርስ ያፋጫል። ኩዊንሲ ጣቢያ ላይ ውረዱ፤ መልኩን የድሮውን አስመስለው አድሰውታል። ከዚያ አንገታችሁን ቀና ስታደርጉ ጥቁሩ ዊሊስ ታወር ነው፤ የድሮ ሰው ዛሬም ሲርስ ይለዋል። 442 ሜትር ነው፣ እስከ 1998 ከዓለም አንደኛ ነበር። መዋቅሩን ያሰበው ዳካ የተወለደው መሐንዲስ ፋዝሉር ካን ነው። ዘጠኝ ካሬ ቱቦዎችን እንደ ችቦ አንድ ላይ አሰራቸው፤ አንዱ ብቻውን የማይችለውን ነፋስ ዘጠኙ ተያይዘው ይችሉታል። ወደ ላይ መውጣት በገንዘብ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው። እኔ ብሆን ከታች አይቼ እሄዳለሁ።

ከዚያ በእግር ወደ ምሥራቅ፣ ሚሊኒየም ፓርክ። ሰዉ በቅርጿ «ባቄላ» የሚላት ሐውልት እዚያ ናት፦ የቀራፂው አኒሽ ካፑር ሥራ፣ 110 ቶን የምትመዝን መስታወት የመሰለች ብረት። ፎቶ ለመነሳት ጠዋት ይሻላል። ሽንት ቤትና ሙቀት ከፈለጋችሁ ሚሺጋን ጎዳናን ተሻግራችሁ ካልቸራል ሴንተር ግቡ። በነጻ ነው። በ1897 ለቤተ መጻሕፍት የተሠራ ነው፣ የቲፋኒ የመስታወት ጉልላቱ ሰውን ዝም ያሰኛል።

ከባቄላዋ ወደ ደቡብ ያለው ግራንት ፓርክ ከፊሉ በፍርስራሽ የተሞላ ሐይቅ ነው። ኦክቶበር 8 ቀን 1871 የተነሳው እሳት መሀል ከተማውን በላው። ወደ 300 ሰው ሞተ፣ 100,000 ያህሉ ሜዳ ላይ ቀረ። ፍርስራሹን ወደ ሐይቁ ገፉት። ጥፋቱን ኦሊሪ በምትባል የአየርላንድ ስደተኛ ላም ላይ አላከኩ፤ ፋኖስ በእርግጫ መታች ተብሎ። የከተማው ምክር ቤት ሴትዮዋንና ላሟን ነጻ ያላቸው በ1997 ነው። 126 ዓመት! የእኛን አገር ቀጠሮ የምታሙ ይህን ልብ በሉ።

ማራቶኑም የሚያልቀው እዚሁ ነው። በ2007 ሙቀቱ ሰው ሲጥል፣ መሪዋ ሮማኒያዊት አሸነፍኩ ብላ ለሕዝቡ እጅ ስታውለበልብ ብርሃኔ አደሬ ከኋላ ተፈትልካ ቀደመቻት። ያን ቀን ታክሲዬን አቁሜ ነበር። ድምፄ ለሦስት ቀን ተዘጋ።

ጊዜ ከተረፋችሁ አረንጓዴውን ወይም ሮዙን መስመር ይዛችሁ ክሊንተን ውረዱና ሁለት ብሎክ ወደ ምዕራብ ሂዱ። ቱሪስት አይበዛበትም። በደርግ ጊዜ ተማሪ የነበረ ሁሉ በሜይ ዴይ፣ በሠራተኞች ቀን፣ አብዮት አደባባይ ፀሐይ ላይ ቆሟል። እኔም መፈክር ይዤ ቆሜያለሁ። ነገሩ ከየት እንደመጣ ግን የነገረኝ አልነበረም። ከዚህ ነው! በሜይ 1886 ሠራተኞች የስምንት ሰዓት ሥራ ጠየቁ። በ4ኛው ቀን ሄይማርኬት ላይ ማን እንደወረወረው ያልታወቀ ቦምብ ፈነዳ፤ በዓመቱ አራት ሰዎች ተሰቀሉ። አሁን የጋሪ ቅርጽ ያለው ሐውልት ቆሟል፣ ተናጋሪዎቹ የቆሙት ጋሪ ላይ ስለነበር። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በዓሉን የሚያከብሩት በሴፕቴምበር ነው።

እራት ሲደርስ ቀዩን መስመር ወደ ሰሜን፣ ግራንቪል። 6200 ሰሜን ነው፤ ማይሉን አሁን ራሳችሁ አስሉት። ብሮድዌይ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት አታጡም። ጣቢያው ላይ ብርድ ከመታችሁ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫኑ። ከላይ ማሞቂያው ቀይ ብርሃን ያበራል፤ ሰው ሁሉ እንደ ጫጩት ከሥሩ ይሰበሰባል። ጥቂት ቆይቶ ሲጠፋ ደግማችሁ ተጫኑት፣ ሁሉም ሌላ ሰው ይጫናል ብሎ ነው የሚጠብቀው። ቀዩ መስመር ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ ለመመለስ አትቸኩሉ።

የእህቴን ልጅ አንድ ሰዓት ላይ ግራንቪል በር ላይ እጠብቃታለሁ ብያታለሁ። በእኛ አቆጣጠር አንድ፣ በእነሱ ሰባት። ሁለቴ አስደገምኳት።